ፒዛሮ ብቻውን አልነበረም፦ ስለ ኢንካ ድል ለተጻፈ ውዳሴ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ስፔናዊው ድል አድራጊ ስለ ፍራንሲስኮ ፒዛሮ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ ሲቀባበለው ሰንብቷል። የጽሑፉ መነሻ የፒዛሮ ሐውልት በጃንዋሪ 2025 ወደ ፔሩ ዋና ከተማ ወደ ሊማ መሐል መመለሱ ነው። አጻጻፉ ይስባል፤ አንባቢ ቢወደው አይገርምም። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ማንበብና መጻፍ የማይችል የአሳማ እረኛ 168 ሰዎችን አስከትሎ ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን የኢንካ ግዛት በአንድ ቀን ጣለ፤ ኢንካዎቹ አምላክ መስሏቸው ስለፈሩት አልተከላከሉም፤ ንጉሣቸው አታዋልፓ ቅዱሱን መጽሐፍ ወርውሮ መዓቱን በራሱ ላይ ጠራ፤ ኋላም በስውር ጦር ሲያስነሳ ስለተገኘ ሞት ተገባው፤ ፒዛሮ የኢንካ ልዕልት አግብቶ ሁለቱን ሕዝቦች አዛመደ፤ ባዶ ሜዳ ላይ ሊማን ቆረቆረ፤ በመጨረሻ ምቀኞች ገደሉት። የጽሑፉ ባለቤት የሐውልቱን መመለስ ለዚህ ጀግና የተከፈለ የታሪክ ዕዳ አድርገው ያዩታል።

አንድ ሰው ፒዛሮን ቢያደንቅ ጉዳዬ አይደለም። ያስቆጨኝ ሌላ ነው። በዚህ አተራረክ የአንዲስ ተራሮች ሕዝብ ከገዛ ታሪኩ ወጥቶ ቀርቷል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡት ኢንካዎቹ የሚሠሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ይፈራሉ፣ ወርቅ ያመጣሉ፣ ይሞታሉ። የራሳቸው ዕቅድ፣ የራሳቸው ቂም፣ የራሳቸው ፖለቲካ የላቸውም። እውነቱ ግን ያለ እነርሱ ፖለቲካ የፒዛሮ ድል ሊተረክ አይችልም። ስለዚህ ነጥቦቹን በቅደም ተከተል እወስዳቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእረኝነቱ ልጀምር። ፒዛሮ በ1470ዎቹ በስፔን ኤክስትሬማዱራ ግዛት፣ በትሩሂዮ ከተማ የተወለደ ዲቃላ ነው። አባቱ ከከተማዋ ጨዋ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅና የጦር መኮንን ነበር፤ እናቱ ድሃ የቤት ሠራተኛ። ማንበብና መጻፍ አለመቻሉም እውነት ነው፤ ሌላ ሰው ስሙን ሲጽፍለት እርሱ ከግራና ከቀኝ ምልክት ያኖር ነበር። የአሳማውን ወሬ በሰፊው ያሰራጨው ግን ሎፔስ ዴ ጎማራ ነው። ጎማራ የሜክሲኮውን ድል አድራጊ የኤርናን ኮርቴስን ቤት ያገለገለ ቄስ ሲሆን አሜሪካን በዓይኑ አላየም። የጌታውን ስም ከፍ ለማድረግ የፒዛሮን ትውልድ ዝቅ ማድረግ ይጠቅመው ነበር፤ ሕፃኑን አሳማ አጠባችው እስከማለትም ደርሷል። በዚህ ላይ የጀግና ታሪክ መሠረት አይጣልም።

ከሁሉ በላይ ተረቱ የሚሸፍነው ነገር አለ። ፒዛሮ በ1532 አታዋልፓን ወደማረከባት ወደ ካሃማርካ ከተማ ሲደርስ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ በአሜሪካ ምድር 30 ዓመት የኖረ ሰው ነበር። በ1502 ከኒኮላስ ዴ ኦቫንዶ መርከቦች ጋር ተሻገረ። በ1509 ከአሎንሶ ዴ ኦሄዳ ጋር ወደ ኡራባ ዘመተ። በ1513 ከአሳሹ ከባልቦዋ ጋር የፓናማን ልሳነ ምድር አቋርጦ ትልቁን የደቡብ ባሕር፣ ማለትም ሰላማዊ ውቅያኖስን፣ ካዩት አንዱ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገረ ገዥው ፔድራሪያስ ባልቦዋን ያዙልኝ ሲል ሄዶ ያሰረው ይኸው የቀድሞ ባልደረባው ፒዛሮ ነው፤ ባልቦዋ በ1519 አንገቱ ተቀላ። ፒዛሮ ደግሞ የፓናማ ከተማ ሹም ሆነ፤ ኤንኮሚዬንዳ በሚባለው፣ የአገሬው ሰው ግብርና ጉልበት ለአንድ ስፔናዊ በሚሰጥበት ሥሪትም ባለ ሀብት ለመሆን በቃ። ከዲዬጎ ዴ አልማግሮና ከቄሱ ከኤርናንዶ ዴ ሉኬ ጋር የመሠረተው ሽርክና ገንዘብ የሚያዋጣና ትርፍ የሚካፈል ማኅበር ነበር። በጁላይ 1529 በቶሌዶ ከስፔን ዘውድ ጋር ሲዋዋል በዓመት 725,000 ማራቬዲ ደመወዝ ተቆረጠለት፤ የሚከፈለውም ገና ካልተያዘችው አገር ገቢ ነበር። በዚያው ውል 50 አፍሪካውያን ባሪያዎች እንዲያስገባ ተፈቅዶለታል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው በድንገት ከመንጋው ተነሥቶ ወደ ድል የሮጠ እረኛ አይደለም። ሰው መያዝ፣ ሰው መዝረፍና ሰው ማስገበር ለ30 ዓመት የሠራበት ሙያው ነበር።

አንድ ነገር አልክድም። የጽሑፉ ባለቤት ስለ ፒዛሮ ጽናት የጻፉት ትክክል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ረሃቡ፣ ረግረጉና በሽታው ብዙዎችን ሲጨርስ እርሱ አልተመለሰም። በ1527 በጋዮ ደሴት ሌሎቹ ወደ ፓናማ ሲሳፈሩ 13 ሰዎች ብቻ አብረውት ቀሩ። ጽናቱ እውነት ነው፤ የደረሰበትን አገር የጣለው ግን ጽናቱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ 168ቱ እንምጣ። ቁጥሩ ራሱ ከየት መጣ? በካሃማርካ የተገኘው ወርቅና ብር ሲከፋፈል ድርሻ ካገኙ ሰዎች መዝገብ ነው፤ 62 ፈረሰኞችና 106 እግረኞች። ስለዚህ ቁጥሩ ድርሻ የነበራቸውን እንጂ እዚያ የነበሩትን ሁሉ አይቆጥርም። ከኒካራጓና ከፓናማ ተገደው የመጡት የአገሬው ተወላጆች፣ አፍሪካውያኑ ባሪያዎች፣ አስተርጓሚዎቹ፣ ጓዝ ተሸካሚዎቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። አልማግሮ በመጀመሪያው ጉዞ አንድ ዓይኑን ባጣበት ውጊያ ከሞት ያተረፈው ጥቁር ባሪያው ነበር፤ ስሙን እንኳ የጻፈለት የለም። ድርሻ ካገኙት መካከልም ቢሆን ሁሉም የድል አድራጊ ሥዕሎች ላይ እንደምናያቸው አልነበሩም። አዋጅ ነጋሪውና ዋሽንት ነፊው ሁዋን ጋርሲያ ጥቁር ነበር። ብዙዎቹ ባለ እጅ፣ ነጋዴና ጸሐፈ ውል እንጂ በአውሮፓ ጦር ሜዳ ያደጉ ወታደሮች አልነበሩም።

ከስፔኖቹ ቁጥር ይልቅ ግን የአገሩ ሁኔታ ይበልጥ ይናገራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ገናናው የኢንካ ንጉሥ ዋይና ካፓክ በወረርሽኝ ሞቶ ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎች ፈንጣጣ እንደነበረ ይገምታሉ። አልጋ ወራሹም አብሮ ሞተ። ከዚያ በዋና ከተማዋ በኩስኮ የነገሠው ዋስካርና በሰሜን ጦሩን የያዘው አታዋልፓ፣ የአንድ አባት ልጆች፣ አገሩን ለሁለት ከፍለው ተፋጁ። ፒዛሮ ተራራውን ሲወጣ ጦርነቱ ገና መብረዱ ነበር። የአታዋልፓ ጄኔራሎች ኪስኪስና ቻልኩቺማክ ዋስካርን ማርከው ኩስኮን ይዘዋል፤ የተሸነፈው ወገን ዘመዶቹን እየቀበረ ነበር። ፒዛሮ በዚህ ወቅት ሳይሆን ከስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ዋይና ካፓክ በሕይወት፣ ጦሩም አንድ ነበር።

በዚህ ላይ የኢንካ ግዛት የአንድ ሕዝብ አገር አልነበረም። ኢንካዎቹ አብዛኛውን አገር የያዙት ከመቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ የተገዙት ሕዝቦች ነፃነታቸውን አልረሱም ነበር። ካኛሪዎች በጦርነቱ ከዋስካር ጎን በመሰለፋቸው አታዋልፓ ፈጅቷቸዋል፤ የተረፉት ስፔኖች ሲመጡ ደማቸውን የሚመልሱበት ቀን የደረሰ መሰላቸው። ቻቻፖያዎችም የኢንካን አገዛዝ ጠልተው ነበር። በመካከለኛው ፔሩ በሃውሃ ሸለቆ የነበሩት ዋንካዎች ደግሞ ባላባቶቻቸውን ገና ካሃማርካ ድረስ ልከው ከፒዛሮ ጋር ወዳጅነት መሠረቱ።

የዋንካዎቹ ታሪክ የጽሑፉን ባለቤት መከራከሪያ ከሥሩ ይነቅለዋል ብዬ አምናለሁ። የሃውሃ ባላባቶች በ1550ዎቹ መጨረሻና በ1560ዎቹ መጀመሪያ በሊማ ለነበረው የስፔን ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ለስፔኖች የሰጠነው ይታወቅልን፣ ውለታችን ይከፈለን የሚል ነው። ማስረጃቸው ኪፑ ነበር፤ ማለትም ኢንካዎች ሒሳብ የሚይዙበት ባለ ቋጠሮ ክር። ከ1533 ጀምሮ ለፒዛሮና ለተከታዮቹ ያወጡትን በቆሎ፣ ድንች፣ ያማ የተባለውን የጭነት እንስሳ፣ ልብስ፣ የተሸካሚውን ወንድና ሴት ብዛት፣ ከሄዱትም ስንቱ እንዳልተመለሰ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ለዳኞቹ አነበቡ። የስፔን ጸሐፍት ቃላቸውን መዘገቡ። ያንን መዝገብ ያየ ሰው ከካሃማርካ እስከ ኩስኮ ያለውን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የተራራ መንገድ ጥቂት መቶ ስፔናውያን በገዛ ስንቃቸውና በገዛ ትከሻቸው ተጓዙት ብሎ አይጽፍም። ያበላቸው የዋንካ ጎተራ፣ የተሸከመላቸው የዋንካ ጀርባ ነበር።

በእርግጥ ፈረስና የብረት ሰይፍ ትልቅ ብልጫ ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። በሜዳ ላይ የተሰለፈ እግረኛ የፈረሰኛን ግልቢያ መቋቋም አልቻለም። ነገር ግን በ1536 የኢንካ አዛዦች ለውጊያ ጠባብ ገደል መምረጥ ሲጀምሩ፣ ከሊማ ኩስኮን ለመታደግ የተላኩ የስፔን ቡድኖች አንዱ ከሌላው ተከትሎ በቋጥኝ ናዳ አለቀ። ፈረሱም ሰይፉም ያው ነበር፤ የተለወጠው ቦታውና ስልቱ ነው።

ኢንካዎቹ አምላክ መስሏቸው ፈሩ የሚለውን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ። አታዋልፓ ስፔኖቹ ከጠረፍ ሲነሡ ጀምሮ ሰላይ ልኮባቸው ነበር። መልእክተኛው ሰፈራቸው ገብቶ ሰይፋቸውን አየ፣ ፈረሶቻቸውን መረመረ፣ ሰዎቹን ቆጠረ፤ ከዚያም ሰዎች እንጂ አማልክት እንዳልሆኑ ለጌታው ነገረ። ይህን በ1551 ጽፎ ያቆየልን ሁዋን ዴ ቤታንሶስ ነው፤ ሚስቱ ከኢንካ ንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደችና በካሃማርካ ከአታዋልፓ ጋር የነበረች ሴት ስለሆነች ወሬውን ከምንጩ የመስማት ዕድል ነበረው። አታዋልፓ ራሱም ከተማረከ በኋላ ምን አስቦ እንደነበር ተጠይቆ፣ ስፔኖቹን ይዞ ከፊሎቹን ለመሠዋት፣ ከፊሎቹን ሰልቦ ለማገልገል ሊያስቀር፣ ፈረሶቹን ደግሞ ሊያራባ አቅዶ እንደነበር መናገሩን የዓይን እማኞች ጽፈዋል። አምላኩን ሰልቦ ሎሌ ለማድረግ የሚያቅድ ሰው የለም። የአታዋልፓ ስህተት ፍርሃት ሳይሆን ንቀት ነበር። ጥቂት መሆናቸውን ስላወቀ ኖቬምበር 16 ቀን 1532 ወደ አደባባዩ ሲገባ አጃቢዎቹን የጦር መሣሪያ ሳያስታጥቅ ወይም በቀላሉ ብቻ አስታጥቆ መጣ፤ ዋናው ጦሩ ከከተማው ውጭ ቀረ። ስፔኖቹ በአደባባዩ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ተደብቀው ይጠብቁት ነበር። ምልክት ሲሰጥ መድፍ ተተኮሰ፣ ፈረሰኞቹም በተጨናነቀው ሕዝብ መካከል ገቡበት። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከስፔኖች አንድም አልሞተም። ይህን ውጊያ ብሎ መጥራት ያስቸግረኛል። ደፈጣ ነው።

መጽሐፉስ? ባለ ታሪኩ ቄስ ቪሴንቴ ዴ ቫልቨርዴ ነው። መስቀልና መጽሐፍ ይዞ ወደ አታዋልፓ ቀርቦ፣ ከሰሜኑ ጠረፍ በተወሰደ ወጣት አስተርጓሚ በኩል ስለ ክርስትናና ስለ ስፔን ንጉሥ ነገረው፤ አታዋልፓም መጽሐፉን ተቀብሎ አገላብጦ ጣለው። እስከዚህ የስፔን ምስክሮች ይስማማሉ። ነገር ግን ይህን ታሪክ በ1534 በሴቪያ ያሳተመው ፍራንሲስኮ ዴ ሄሬስ የፒዛሮ የግል ጸሐፊ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የአታዋልፓ የወንድም ልጅ ቲቱ ኩሲ ዩፓንኪ በ1570 የኢንካዎች የመጨረሻ መጠጊያ ከነበረችው ከቪልካባምባ ያስጻፈው ቃል ሌላ ክፍል ይጨምራል። እንደ እርሱ አባባል አታዋልፓ አስቀድሞ ለእንግዶቹ በወርቅ ዋንጫ መጠጥ ሰጣቸው፤ እነርሱ ግን መሬት ላይ ደፉት። በአንዲስ ባህል ባለቤቱ በእጁ የሰጠውን መጠጥ መድፋት እርሱን ማዋረድ ነው፤ መጽሐፉ የተጣለው ለዚያ ውርደት መልስ ሆኖ ነው። ማንኛውን ቃል ማመን እንዳለብን ሊከራከሩ ይችላሉ። የአንዱን ወገን ቃል ብቻ አቅርቦ ንጉሡ መዓቱን ራሱ ጠራ ብሎ መፍረድ ግን አይቻልም። ደግሞስ ፈረሰኞቹ ከማለዳ ጀምሮ ቤት ውስጥ ተደብቀው የዋሉት መጽሐፍ እንደሚጣል አውቀው ነበርን?

ስለ አታዋልፓ ሞት የተጻፈው ይበልጥ ያሳዝናል። አታዋልፓ አንድ ክፍል እጁ በደረሰበት ምልክት ድረስ በወርቅ፣ ደግሞም ሁለት ጊዜ በብር እንደሚያስሞላ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ከየአውራጃው የመጣው ጌጥ፣ የቤተ መቅደስ ግድግዳ ልባስ፣ ዋንጫና ምስል ሁሉ ቀለጠ። 6 ቶን ገደማ ወርቅና 12 ቶን ገደማ ብር ወጣው። አንድ ፈረሰኛ 8,880 ፔሶ ወርቅ፣ ማለትም 40 ኪሎ ገደማ ሲደርሰው፣ እግረኛው የዚህን ግማሽ ያህል ወሰደ፤ ፒዛሮ ለራሱ 57,220 ፔሶ አነሣ። ዘግይተው የደረሱት የአልማግሮ ሰዎች እዚህ ግባ የማይባል ነገር ተወረወረላቸው። ይህ ቅሬታ ኋላ ፒዛሮን እንደሚያስከፍለው እናያለን።

ከዚያ አታዋልፓ በስውር ጦር ጠርቷል የሚል ወሬ ተነሣ። ፒዛሮ ኤርናንዶ ዴ ሶቶንና ጥቂት ፈረሰኞችን አጣርታችሁ ኑ ብሎ ላከ። ሳይመለሱ፣ በጁላይ 1533፣ አታዋልፓ ተፈረደበት፤ በእሳት እንዳይቃጠል ሲል ተጠመቀና በአደባባይ በገመድ ታንቆ ሞተ። ሶቶ ተመልሶ ምንም ጦር እንዳላየ ተናገረ። ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ ራሱ፣ ከወርቁ አንድ አምስተኛው የደረሰው ሰው፣ ንጉሥ የነበረ ሰው ፍትሕ በሚል ስም መገደሉ እንዳላስደሰተው ለፒዛሮ ጽፏል። ጌታው ያልተቀበለውን ምክንያት የጽሑፉ ባለቤት ከ500 ዓመት ገደማ በኋላ ለምን እንደሚቀበሉት አይገባኝም። አታዋልፓ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እርሱ በእስር እያለ በእርሱ ትእዛዝ ወንድሙ ዋስካር ተገድሏል፣ በኩስኮም የዋስካር ቤተሰብ ተፈጅቷል። ፒዛሮ ግን የገደለው ስለ ዋስካር ደም አዝኖ አይደለም። የተማረከው ንጉሥ ቤዛውን ከፍሎ ስለጨረሰ ከዚያ በኋላ ሸክም ሆነበት።

የጽሑፉ ባለቤት ፒዛሮ ልዕልት አግብቶ ሁለቱን ሕዝቦች አዛመደ ሲሉ የጻፉትን አንብቤ እጅግ አዘንሁ። ኪስፔ ሲሳ የዋይና ካፓክ ልጅ ናት፤ እናቷ ኮንታርዋቾ በዋይላስ አገር ባላባት ነበረች። ልጅቷን በካሃማርካ ለፒዛሮ የሰጠው አታዋልፓ ነው፤ ኢኔስ ተብላ ተጠመቀች። ፒዛሮ አላገባትም። ሁለት ልጆች ወለደችለት፤ ልጆቹ ሕጋዊ የሆኑትም በጋብቻ ሳይሆን በንጉሡ ድንጋጌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፒዛሮ እርሷን ፍራንሲስኮ ዴ አምፑዌሮ ለተባለ ለቀድሞ አሽከሩ ድሮ፣ ለአታዋልፓ ታጭታ የነበረችውን ኩሲሪማይን ወሰደ። ይህችው ሴት ናት ኋላ የቤታንሶስ ሚስት የሆነችው። የፒዛሮና የኪስፔ ሲሳ ልጅ ፍራንሲስካ በ1551 ወደ ስፔን ተወሰደች፤ በ18 ዓመቷ የተዳረችው በላ ሞታ ግንብ ታስሮ ለነበረው፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ለሆነው ለአባቷ ወንድም ለኤርናንዶ ፒዛሮ ነው። ርስቱ ከፒዛሮዎች እጅ እንዳይወጣ ነበር።

ዝምድና ከተባለ የዝምድናውን ሥራ የሠሩት ሴቶቹ ናቸው። በ1536 የኢንካው አዛዥ ኪሶ ዩፓንኪ ሊማን ከብቦ ሲያስጨንቅ፣ ኮንታርዋቾ ለልጇና ለልጅ ልጆቿ ስትል የዋይላስን ጦር ወደ ሊማ ላከች። ኪሶ ዩፓንኪ በጥቃቱ ወድቆ ከበባው ተፈታ። በሊማ አቅራቢያ በፑሩቹኮ ከዚያ ዘመን የመቃብር ቦታ የወጡትና በ2007 ለሕዝብ የተገለጡት አጽሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ በአውሮፓ መሣሪያ የተመቱ ቢኖሩም ብዙዎቹ ቁስሎች የአንዲስ ሰው በሚይዘው ዱላና ድንጋይ የደረሱ ናቸው። በስፔናውያን መጻሕፍት ግን ሊማን ያዳናት ፈረሰኛው ብቻ ነው፤ የጽሑፉ ባለቤትም ያንኑ ደግመዋል።

ኩራ ኦክሎንም ልጨምር። የማንኮ ኢንካ ሚስት ነበረች። ማንኮን በ1533 በኩስኮ ያነገሠው ፒዛሮ ራሱ ነው። የፒዛሮ ወንድሞች ሁዋንና ጎንሳሎ ግን ይህን ንጉሥ በሰንሰለት አስረው አዋረዱት፣ ጎንሳሎ ሚስቱን ነጠቀው፤ ማንኮ አመፀ። በ1539 ኩራ ኦክሎ ስትማረክ ፒዛሮ ማንኮ እጁን አልሰጥም ስላለው ተናዶ ምሰሶ ላይ አስሮ አስደበደባት፣ በቀስትም አስገደላት፤ ሬሳዋ ባሏ እንዲያገኘው በቅርጫት ተደርጎ በዩካይ ወንዝ ላይ ተለቀቀ። ይህን ያቆዩልን የፒዛሮ ጠላቶች ብቻ አይደሉም፤ የገዛ ዘመዱ ፔድሮ ፒዛሮ ድርጊቱን ነቅፎ ጽፎታል። ሁለቱን ሕዝቦች አዛመደ የተባለው ሰው ይህ ነው።

ግዛቱ በአንድ ቀን ወደቀ ለሚለው ከዚህ በላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በካሃማርካ የወደቀው አንድ ንጉሥ ነው። በ1536 ማንኮ በኩስኮ 190 ገደማ ስፔናውያንን ለወራት ከበበ፤ ከተማዋን አቃጠለ፣ ሁዋን ፒዛሮም በሳክሳይዋማን ምሽግ ሞተ። በዚያ ከበባም ካኛሪዎችና ቻቻፖያዎች ከስፔኖች ጎን ይዋጉ ነበር፤ የማንኮ ወንድም ፓውሉም ኋላ ወደ ስፔኖች ገባ። በ1537 መጀመሪያ ላይ ማንኮ በኦያንታይታምቦ ኤርናንዶ ፒዛሮን አሸንፎ መልሷል። ከዚያም ወደ ቪልካባምባ ጫካ ወርዶ የመሠረተው መንግሥት እስከ 1572 ቆየ፤ የመጨረሻው ኢንካ ቱፓክ አማሩ በኩስኮ አደባባይ አንገቱ ሲቀላ ፒዛሮ ከሞተ 31 ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቀን የተባለው 40 ዓመት ነው።

ሊማ የተቆረቆረችው በጃንዋሪ 18 ቀን 1535 ነው፤ ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የሪማክ ሸለቆ በመስኖ ቦይ የለማ፣ ታውሊቹስኮ የተባለ ባላባት የሚገዛው አገር ነበር፤ ከከተማዋ በስተደቡብ ደግሞ ኤርናንዶ ፒዛሮ በ1533 የዘረፈው ጥንታዊው የፓቻካማክ ቤተ መቅደስ አለ። የኢንካ መንገድ መረብ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያንን መንገድ የረገጠው ይኸው ኤርናንዶ በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ በክርስቲያኑ ዓለም ሁሉ ይህን የሚመስል መንገድ እንዳልታየ መስክሯል። ሥልጣኔ አመጡ ለሚለው ወንድምየው አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። ሕዝቡ ምን ሆነ ለሚለው ደግሞ የታሪክ ሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች ግምት አለ፦ የዛሬዋ ፔሩ ባለችበት ምድር ከወረርሽኙ በፊት ወደ 9 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የአገሬው ሕዝብ በ1620 ወደ 600,000 ወርዷል። አብዛኛው የሞተው በበሽታ ነው፤ በሽታው ግን ያገኘው በጦርነት የተፈናቀለ፣ ጎተራው የተዘረፈ፣ በጉልበት ሥራ የደከመ ሕዝብ ነው።

ምቀኞች ገደሉት የተባለውም አያስኬድም። የቶሌዶው ውል ፒዛሮን አገረ ገዥ ሲያደርግ፣ እኩል የደከመውን አልማግሮን የቱምቤስ ምሽግ አዛዥ ብቻ አድርጎት ነበር። በካሃማርካ ሰዎቹ ከወርቁ ተገለሉ። ኩስኮ የማን ናት በሚል ተዋግተው በአፕሪል 1538 በላስ ሳሊናስ አልማግሮ ተሸነፈ፤ ኤርናንዶ ፒዛሮም ሽማግሌውን በእስር ቤት አሳንቆ ገደለው። ተከታዮቹ መሬትም ሹመትም አጥተው በሊማ በድህነት ቀሩ። በጁን 26 ቀን 1541፣ እሑድ ቀን፣ በሁዋን ዴ ኤራዳ መሪነት የፒዛሮን ቤት ሰብረው ገቡና በሰይፍ ገደሉት። በ1977 በሊማ ካቴድራል ሥር በእርሳስ ሣጥን የተገኘው የራስ ቅል ከነጽሑፉ ተመርምሮ የፒዛሮ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ አጥንቶቹ ላይ ብዙ የሰይፍ ምት ታይቷል። ይህ ዝርፊያ ሲከፋፈል የተጣሉ ሸሪኮች ደም መመላለስ ነው። የምቀኝነት ወሬ የአልማግሮን መገደል ከታሪኩ ይቆርጠዋል።

የቀረው ሐውልቱ ነው። የሠራው ቻርልስ ራምሲ የተባለ አሜሪካዊ ቀራፂ ነው፤ የዚሁ ሐውልት መንትያ በትሩሂዮ አደባባይ ቆሟል። የሊማው በ1935፣ ከተማዋ 400ኛ ዓመቷን ስታከብር ተተከለ፤ በ2003 ተነሣ፤ በ2025 በ490ኛው ዓመት በዓል በከንቲባው ውሳኔ ወደ ዋናው አደባባይ አጠገብ ተመለሰ። እያንዳንዱ ውሳኔ በየዘመኑ ሊማን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ስለ ራሳቸው ከተማ ያደረጉት ነው፤ ስለ 1532 የሚያስረዳን ነገር የለም። የጽሑፉ ባለቤት ክፍል ሁለት እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። የሃውሃ ባላባቶች በኪፑ ያነበቡት ምስክርነት ታትሟል፤ የቲቱ ኩሲ ቃልም እንዲሁ። ከሄሬስ ጋር አብረው ያንብቧቸው፤ ኮንታርዋቾን፣ የዋንካ ተሸካሚዎችንና አዋጅ ነጋሪውን ሁዋን ጋርሲያንም በስማቸው ጠርተው ይጻፉልን።